ማልባ ታሃን፤ ራሱን ሸሽጎ ቁጥርን የገለጠው መምህር

የምርመራ ታሪክ ማንበብ የማይወድ ተማሪ ጥቂት ነው። በሌሊት የጠፋ ዕቃ፣ ማን እንደ ወሰደው ያልታወቀ ገንዘብ፣ እውነቱን የሚሸሽግ ምስክር፣ ነገሩንም ከሥር መሠረቱ የሚያጣራ ብልህ መርማሪ ያሉበት መጽሐፍ ከእጅ ሲገባ እንቅልፍ እንኳ ቦታውን ይለቃል። በእንዲህ ያለው ታሪክ መርማሪው ዘወትር የሚከተለው የእግር ዱካን ወይም የጣት አሻራን ነው። ነገር ግን ለልጆችና ለወጣቶች ከተጻፉት ታሪኮች መካከል ዱካው ቁጥር፣ ማስረጃው ስሌት፣ ፍርዱም የሒሳብ መልስ የሆነባቸው አሉ። በነዚህ ታሪኮች ውስጥ መርማሪው ሽጉጥ አይታጠቅም፤ በርም አይሰብርም፤ ቁጭ ብሎ ይቈጥራል።

እንዲህ ያለውን ታሪክ በመጻፍ ስማቸው ከታወቀው ደራሲዎች አንዱ ማልባ ታሃን ነው። በ1938 ያወጣው «ሒሳብ የሚያሰላው ሰው» የተባለው መጽሐፉ በአገሩ በብራዚል ደጋግሞ ታትሟል፤ ወደ ሌሎች ቋንቋዎችም ተተርጕሞ በብዙ አገር ልጆች እጅ ገብቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) የዚህን ደራሲ ሕይወት ለመመርመር የሚነሣ ሰው ግን የመጀመሪያውን እንቆቅልሽ የሚያገኘው በመጽሐፉ ውስጥ ሳይሆን በሽፋኑ ላይ ነው። ማልባ ታሃን የሚባለው ዐረብ ደራሲ በዓለም ላይ ተወልዶ አያውቅምና። ከዚህ ስም በስተጀርባ ተሸሽጎ የኖረው ዡሊዮ ሴዛር ዴ ሜሎ ኤ ሶዛ የሚባል የሪዮ ዴ ጃኔሮ የሒሳብ መምህር ነበር።

ዡሊዮ ሴዛር በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ በግንቦት 6 ቀን 1895 ተወለደ። የልጅነቱን ዘመን ያሳለፈው ግን በሳኦ ፓውሎ ግዛት በምትገኘው በኬሉዝ ከተማ ነው። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቱም የትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። የቤቱ ልጆች ብዙ፣ ደመወዙ ግን ጥቂት ስለ ነበረ ኑሮአቸው የምቾት አልነበረም።

ሕፃኑ ዡሊዮ ከሌሎቹ ልጆች የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፤ ይኸውም የእንቍራሪት ፍቅር ነው። ከወንዝ ዳር እያመጣ በቤቱ ግቢ ብዙ እንቍራሪቶችን ሰብስቦ ያኖር ነበር። ካደገም በኋላ ከልዩ ልዩ ነገር የተሠሩ የእንቍራሪት ምስሎችን መሰብሰብ አልተወም። ሌላው ልማዱ ተረት መፍጠር ነበር። ወንድሙ በኋላ እንደ ተረከው፣ ትንሹ ዡሊዮ በሚጽፋቸው ታሪኮች ውስጥ አንዳችም ሥራ የሌላቸውን ብዙ ሰዎች እያስገባ፣ ለሁሉም ሰምተነው የማናውቀውን እንግዳ ስም ያወጣላቸው ነበር። እንግዳ ስም የመፍጠር ችሎታው አንድ ቀን እንጀራ እንደሚሆነው በዚያን ጊዜ ማንም አላሰበም።

ዕድሜው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲደርስ ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ተልኮ በመጀመሪያ በጦር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዳግማዊ ፔድሮ ስም በሚጠራው ስመ ጥሩ ኮሌጅ ተማረ። በተማሪነቱ ዘመን የኪስ ገንዘብ ሲያጥረው፣ ድርሰት መጻፍ ለሚቸግራቸው ጓደኞቹ ድርሰት እየጻፈ ይሸጥ ነበር ይባላል። ለዛሬ አንባቢ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን፣ ኋላ የሒሳብ መምህር የሆነው ይህ ሰው በልጅነቱ በሒሳብ ትምህርት ደካማ ውጤት የተቀበለበት ጊዜ መኖሩ ነው። ሒሳብን ስለሚፈራ ልጅ ልብ ብዙ ያወቀው ምናልባት እርሱ ራሱ በዚያ መንገድ ስላለፈ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የመምህርነትን ትምህርት ፈጸመ፤ በሲቪል መሐንዲስነትም ተመረቀ። ነገር ግን መሐንዲስነቱን ትቶ ኑሮውን በሁለት ነገር ላይ መሠረተ፤ አንዱ ማስተማር፣ ሁለተኛው መጻፍ ነው። በመጻፉ ረገድ የደረሰበት የመጀመሪያ ነገር መላ ሕይወቱን የለወጠ ስለ ሆነ ዘርዘር አድርጎ ማውሳት ያስፈልጋል።

በ1918 ዡሊዮ ሴዛር የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በሚታተም «ኦ ኢምፓርሲያል» በተባለ ጋዜጣ ይሠራ ነበር። የጋዜጣው ስም ሲተረጐም አድልዎ የሌለው ማለት ነው። ወጣቱ አምስት አጫጭር ታሪኮችን ጽፎ ለአዘጋጁ ሰጠ። ወረቀቶቹ ግን ሳይነበቡ በጠረጴዛ ላይ ሰነበቱ። ዡሊዮ ሴዛር ይህን ባየ ጊዜ አልተቈጣም፤ አላለቀሰምም። ወረቀቶቹን ቀስ ብሎ አንሥቶ ወሰደ፤ በራሱ ስም ፈንታ አር. ኤስ. ስሌድ የሚል የእንግሊዝ ስም ጻፈባቸው። በኒው ዮርክ ከተማ ዝናው የተሰማ አዲስ ደራሲ ነው፤ እኔ ከእንግሊዝኛ ተረጐምሁት ብሎ መልሶ ለዚያው ሰው ሰጠ። በማግሥቱ የመጀመሪያው ታሪክ በጋዜጣው ፊተኛ ገጽ ላይ ወጣ፤ የቀሩትም ተከታትለው ታተሙ።

ታሪኮቹ ያው ናቸው፤ አንዲት ቃል አልተጨመረችም፤ አንዲትም አልተቀነሰችም። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነበር። ወጣቱ ከዚህ ነገር የተረዳው፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከነገሩ በፊት የነገሩን ባለቤት እንደሚመለከት፣ የባለቤቱም ስም ከሩቅ አገር የመጣ ከሆነ ያለ ምርመራ እንደሚቀበለው ነው። አድልዎ የሌለው ነኝ የሚል ጋዜጣ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ይህ በሽታ የብራዚል ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ራሱ ያውቃል።

ዡሊዮ ሴዛር ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ትዕግሥቱን ያሳያል። የተሻለ የብዕር ስም ለማበጀት ከ1918 እስከ 1925 ድረስ ሰባት ዓመት ያህል ስለ ዐረብ አገር ታሪክ፣ ቋንቋና ልማድ አጠና፤ ቍርዓንንም አነበበ። የሚሸሽገው ስም ባዶ ጭንብል እንዳይሆን፣ ከስሙ በስተጀርባ እውነተኛ ዕውቀት እንዲኖር ፈልጎ ነበርና። ከዚያም በ1925 «አ ኖይቴ» ለተባለው የሪዮ ዴ ጃኔሮ ጋዜጣ ባለቤት ሐሳቡን አስረድቶ፣ የዐረቡ ደራሲ የማልባ ታሃን ታሪኮች መታተም ጀመሩ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጣ።

ታሃን የሚለውን ስም ያገኘው ከአንዲት ተማሪው የቤተ ሰብ ስም ነው ይባላል። ቃሉ በዐረብኛ ወፍጮ ፈጪ ማለት ነው። ግዕዝ የተማረ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ በግዕዝም ጠሐነ ማለት ፈጨ ማለት ነውና።

ለፈጠረው ደራሲም ሙሉ የሕይወት ታሪክ ጻፈለት። ማልባ ታሃን በ1885 በመካ አቅራቢያ እንደ ተወለደ፣ በካይሮና በቍስጥንጥንያ እንደ ተማረ፣ ከአባቱ ሀብት ወርሶ እስከ ቻይናና እስከ ጃፓን ድረስ እንደ ተጓዘ፣ በመጨረሻም በ1921 ለነጻነት ሲዋጋ እንደ ሞተ ተነገረለት። መጻሕፍቱን ከዐረብኛ ወደ ፖርቱጋልኛ የሚተረጕም አንድ ፕሮፌሰርም ተፈጠረ፤ ይህም ተርጓሚ እንደ ደራሲው ሁሉ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ነበር። ዡሊዮ ሴዛር ራሱ የዐረብን ምድረ በዳ አንድ ቀን እንኳ አላየም። የብራዚል አንባብያን ግን ከዚህ ዐረብ ጋራ ፍቅር ያዛቸው፤ እውነተኛው ሰው ማን እንደ ሆነ እስኪገለጥ ድረስም ዓመታት አለፉ።

ይህ ማታለል አይደለምን ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የብዕር ስም ማውጣት በደራሲዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ሐሰተኛ የሕይወት ታሪክና ሐሰተኛ ተርጓሚ መጨመር ከልማድ ያለፈ ነው። ነገር ግን ሐሰተኛው ስም ለመጽሐፉ በሩን ቢከፍትለት እንኳ በቤት ውስጥ ሊያኖረው አይችልም። እውነቱ ከታወቀ በኋላ አንባብያን መጽሐፎቹን አልጣሉም፤ እንዲያውም ይበልጥ ፈለጓቸው። መጀመሪያ በስሙ ምክንያት የተቀበሉትን ሥራ፣ ኋላ በሥራው ምክንያት አጸኑት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ሥራው፣ ወደ መምህርነቱ እንመለስ። ዡሊዮ ሴዛር ራሱ በተማረበት በዳግማዊ ፔድሮ ኮሌጅ፣ በመምህራን ማሠልጠኛና በዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሥነ ሕንፃ ፋኩልቲ አስተምሯል። በዚያ ዘመን በብራዚል የሒሳብ ትምህርት የሚሰጠው እንደ ቅጣት ነበር ማለት ይቻላል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ረጅም የአልጀብራ ቀመር ይጽፋል፤ ተማሪው ምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ ይገለብጣል፤ በፈተናው ቀን ያጠናውን ይደግማል፤ በማግሥቱ ይረሳዋል። ዡሊዮ ሴዛር ይህን ልማድ በብርቱ ተቃወመ። ለኑሮም ለአሳብም የማይጠቅም፣ ተማሪውን ለማስጨነቅ ብቻ የተወሳሰበ ጥያቄ የሚያቀርቡትን መምህራን በጽሑፉ ይነቅፋቸው ነበር። ለተማሪዎቹም ዜሮ የሚባል ማርክ አይሰጥም ነበር ይባላል። ስንት ቁጥር በዓለም ላይ ሳለ ዜሮን መምረጥ አይገባም የሚል አስተያየት ነበረው። ጐበዞቹን ተማሪዎች ደካሞቹን እንዲያስጠኑ ያደርግ ነበር።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች፣ ማለት ተረቱና ሒሳቡ፣ በአንድነት የተገናኙት «ሒሳብ የሚያሰላው ሰው» በተባለው መጽሐፍ ነው። የታሪኩ ጊዜ 13ኛው መቶ ዓመት ነው። አንድ መንገደኛ ከሳማራ ወደ ባግዳድ በግመል ሲጓዝ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትልልቅ ቁጥሮችን ጮኾ የሚናገር ሰው ያገኛል። የሰውዬው ስም ቤረሚዝ ሳሚር ነው። በልጅነቱ በግ ጠባቂ ነበር። አንዲት በግ ብትጠፋ እንዳይቀጣ በመፍራት መንጋውን በየቀኑ ሲቈጥር፣ ከበግ ወደ ወፍ፣ ከወፍ ወደ ጕንዳን እያለፈ በቁጥር የሠለጠነ ሰው ሆነ። ሁለቱ መንገደኞች በአንድ ግመል ላይ ተቀምጠው ጕዞአቸውን ቀጠሉ፤ በየመንገዱም አንድ አንድ ነገር ያጋጥማቸዋል። ቤረሚዝ እንደ መርማሪ ሆኖ ነገሩን በቁጥር ይፈታዋል።

መጀመሪያ ያገኟቸው በውርስ የተጣሉ ሦስት ወንድማማቾችን ነው። አባታቸው 35 ግመሎች ትቶላቸው ሲሞት፣ ለታላቁ እኩሌታ፣ ለመካከለኛው ሲሶ፣ ለታናሹ ከዘጠኝ እጅ አንዱ እጅ እንዲደርስ ተናዝዟል። ነገር ግን የ35 እኩሌታ 17 ተኩል ነው፤ ሲሶውም ዘጠነኛውም እንዲሁ ሙሉ ቁጥር አይወጣውም። ግመል ደግሞ በሕይወቱ ሳለ አይከፈልም። ወንድማማቾቹ እየጮኹ ሲከራከሩ ቤረሚዝ የባልንጀራውን ግመል ከመንጋው ጋራ ቀላቀለውና 36 አደረጋቸው። ከዚያ ለታላቁ 18፣ ለመካከለኛው 12፣ ለታናሹ 4 ሰጠ። ሦስቱም ከሚጠብቁት በላይ ስላገኙ ደስ አላቸው። የተከፈለው ቢደመር ግን 34 ብቻ ነው፤ ሁለት ግመሎች ተርፈዋል። አንዱ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ቤረሚዝ ስለ ድካሙ ወሰደ።

በዚህ ጊዜ አንባቢው መደነቁ አይቀርም። ሁሉም ካተረፈ የከሰረው ማን ነው? ይህች ተረፍ ግመል ከየት መጣች? እዚህ ላይ ነው አንባቢው ራሱ መርማሪ መሆን የሚገባው። እኩሌታ ማለት ከ18 እጅ 9 እጅ ነው፤ ሲሶ 6 እጅ፣ ዘጠነኛውም 2 እጅ ነው። ሦስቱ ቢደመሩ 17 እጅ ይሆናሉ። እንግዲህ አባትየው ሀብቱን በሙሉ አላወረሰም፤ ከ18 እጅ አንዱን እጅ ለማንም ሳይሰጥ ሞቷል። የ35 ግመሎች 18ኛ እጅ ወደ ሁለት ግመል ይጠጋል። ይህ ባለቤት የሌለው ሀብት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመንጋው መካከል ቆሞ ነበር፤ ሦስቱ ወንድማማቾች ግን እርስ በርሳቸው እየተያዩ ስለ ጮኹ አላዩትም። ቤረሚዝ ከርሱ ላይ ከአንድ ግመል ያነሰውን ለሦስቱ ማሟያ አድርጎ ሰጠ፤ ልክ አንድ ግመል ደግሞ ለራሱ ተረፈው። እንግዲህ ሌባ የለም፤ ተአምርም የለም፤ ያልተደመረ ኑዛዜ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ነገር የዳቦው ፍርድ ነው። ሁለቱ መንገደኞች በሽፍቶች ተዘርፎ በረሃብ የደከመ አንድ የባግዳድ ባለጠጋ በመንገድ አገኙ። ቤረሚዝ 5 ዳቦ፣ ባልንጀራውም 3 ዳቦ ነበራቸው፤ ሁሉንም ሰብስበው ለሦስት እኩል በሉት። ባለጠጋው ባግዳድ በደረሰ ጊዜ ስለ ስምንቱ ዳቦ ስምንት የወርቅ ገንዘብ አውጥቶ፣ ለቤረሚዝ አምስት ለባልንጀራው ሦስት ሰጠ። ይህ ለማንኛችንም ትክክል ይመስለናል። ቤረሚዝ ግን ተቃወመ። እያንዳንዱ ዳቦ ለሦስት ቢቈረስ 24 ቍራሽ ይሆናል፤ እያንዳንዳቸውም 8 ቍራሽ በልተዋል። ቤረሚዝ ካመጣው 15 ቍራሽ 8ቱን ራሱ ስለ በላ ለባለጠጋው የሰጠው 7 ነው። ባልንጀራው ካመጣው 9 ቍራሽ 8ቱን ስለ በላ የሰጠው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ በሒሳብ የሚገባው ለአንዱ 7፣ ለሌላው 1 ነው። ቤረሚዝ ይህን ካስረዳና ካስፈረደ በኋላ ግን ገንዘቡን አራት አራት አድርጎ ከባልንጀራው ጋራ እኩል ተካፈለ። በዚህ ደራሲው ለልጆች ሁለት ነገር አስተማረ፤ ሒሳብ የሚገባህን ይነግርሃል፤ ከሚገባህ ላይ ለወዳጅህ መልቀቅ ግን የሒሳብ ሳይሆን የልብ ነገር ነው። ሆኖም የሚገባውን ያላወቀ ሰው ከሚገባው ላይ ለቀቀ ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ስሌቱ ቀደመ።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ምርመራ ከሁሉ ይበልጥ ከመርማሪ ሥራ ጋራ ይመሳሰላል። ቤረሚዝ የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ የሆነችውን ቴላሲምን ከመጋረጃ በስተኋላ ተቀምጣ ሒሳብ ሲያስተምራት ቆይቶ ሊያገባት ፈለገ። ኸሊፋው ግን ፊታቸው የተሸፈነ አምስት ልጃገረዶችን አቀረበለት። ሁለቱ ጥቁር ዐይን ያላቸው ናቸው፤ ዘወትር እውነት ይናገራሉ። ሦስቱ ሰማያዊ ዐይን ያላቸው ናቸው፤ ዘወትር ይዋሻሉ። ከነዚህ መካከል ሦስቱን ብቻ አንድ አንድ ጥያቄ ጠይቆ የአምስቱንም የዐይን ቀለም እንዲናገር ታዘዘ።

ቤረሚዝ የመጀመሪያይቱን የዐይኗን ቀለም ጠየቃት፤ እርሷም ማንም በማያውቀው ቋንቋ መለሰች። ተመልካቹ ሁሉ አንዱ ጥያቄ በከንቱ ባከነ ብሎ አዘነ። ቤረሚዝ ግን አልደነገጠም። ሁለተኛይቱን፣ የመጀመሪያይቱ ምን ብላ መለሰች ብሎ ጠየቃት። ሰማያዊ ነው ብላለች አለችው። ሦስተኛይቱን ደግሞ የሁለቱን የዐይን ቀለም ጠየቃት፤ የመጀመሪያይቱ ጥቁር፣ የሁለተኛይቱ ሰማያዊ ነው አለችው።

እንግዲህ ፍርዱን እንመልከት። የመጀመሪያይቱ እውነተኛ ብትሆን ዐይኗ ጥቁር ስለ ሆነ ጥቁር ትላለች፤ ውሸተኛም ብትሆን ሰማያዊውን ስለምትሸሽግ ጥቁር ትላለች። በማናቸውም ቋንቋ ብትናገር ከጥቁር በቀር ሌላ መልስ ሊኖራት አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛይቱ ሰማያዊ ብላለች ስትል ዋሽታለች፤ ዐይኗም ሰማያዊ ነው። ሦስተኛይቱ ስለ ሁለተኛይቱ የተናገረችው ልክ ሆኖ ስለ ተገኘ እውነተኛ ናት፤ ዐይኗ ጥቁር ነው። እውነተኛ ከሆነችም ስለ መጀመሪያይቱ የሰጠችው ምስክርነት ይታመናል። ሁለቱ ጥቁር ዐይኖች ተገኙ፤ የቀሩት ሁለቱ ልጃገረዶች ሳይጠየቁ ታወቁ። አንድም ቃሉ ሳይገባው የተሰማ ምስክርነት እንዴት ለፍርድ እንደሚያገለግል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ቤረሚዝና ሚስቱ በኋላ ባግዳድን ትተው በቍስጥንጥንያ ተቀመጡ፤ በ1258 ሞንጎሎች ባግዳድን ባጠፏት ጊዜ ከጥፋቱ የዳኑት በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ መጽሐፉ ይተርካል።

ተረት ብቻውን የሒሳብ ሊቅ አያደርግም የሚል ሰው ቢኖር እውነት አለው። ሒሳብ በመጨረሻው ልምምድ ይፈልጋል፤ ልምምድም አድካሚ ነው። ነገር ግን ልጁ በሩን ካልገባ ምንም ዓይነት ልምምድ አይጠቅመውም። ዡሊዮ ሴዛር ያደረገው ልጁ በገዛ ፈቃዱ በሩን እንዲያንኳኳ ማድረግ ነው። የክፍልፋይ ድምር በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ እንቅልፍ የሚይዘው ተማሪ፣ ሁለት ግመሎች ከየት እንደ መጡ እስኪያውቅ ድረስ አይተኛም፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው።

ይህ መምህር ስምና መልክ አይቶ መፍረድን የተቃወመው በተረት ብቻ አይደለም። በዚያን ዘመን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች በብራዚል ከኅብረተ ሰቡ ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከስማቸውም ከመልካቸውም ይሸሽ ነበር። ዡሊዮ ሴዛር «ዳሚያዎን» የሚባል መጽሔት እያዘጋጀ፣ ሕመምተኞቹ እንደ ማንኛውም ሰው ተቈጥረው ወደ ኅብረተ ሰቡ እንዲመለሱ ለዓመታት ተከራከረ። ይህን ሥራ ያዘዘው ሰው አልነበረም። በጋዜጣው ጠረጴዛ ላይ ሳይነበብ የተጣለውን ወረቀት ያልረሳ ሰው፣ ሳይታይ የተጣለውንም ሰው አልረሳም።

ዡሊዮ ሴዛር በሕይወቱ ዘመን ከመቶ በላይ መጻሕፍትን ጽፏል፤ ከነዚህም አብዛኞቹ ተረቶች፣ የቀሩት የሒሳብና የማስተማር ዘዴ መጻሕፍት ናቸው። የብዕር ስሙ ከራሱ ስም ይልቅ በመታወቁ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፕሬዚዳንት ጌቱሊዮ ቫርጋስ ፈቃድ ማልባ ታሃን የሚለው ስም በመታወቂያ ወረቀቱ ላይ እንዲጨመር ተደረገ። በ1918 ለማምለጫ ያህል የተጀመረው የስም ጨዋታ በመንግሥት ማኅተም ጸደቀ ማለት ነው።

እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስም ከማስተማር አላረፈም። በሰኔ 18 ቀን 1974 መምህራንን ለማሠልጠን ወደ ሬሲፌ ከተማ ሄዶ ሳለ በ79 ዓመቱ አረፈ። በኑዛዜውም ስለ እርሱ ማንም ጥቁር ልብስ እንዳይለብስ፣ በመቃብሩም ላይ ንግግር እንዳይደረግ አዘዘ፤ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ግን የስንብት መልእክት ትቶላቸዋል። ከሞተ በኋላ በ2013 የብራዚል መንግሥት የተወለደበትን ቀን፣ ግንቦት 6ን፣ ብሔራዊ የሒሳብ ቀን እንዲሆን በሕግ ወሰነ።

የዚህ ሰው ሕይወት ለተማሪና ሥራ ለጀመረ ወጣት የሚሰጠው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። በጠረጴዛችን ላይ የሚቀርበው ነገር ሁሉ ከላዩ ስም ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ስም የሚያስፈራ፣ አንዳንዱ የሚያስንቅ ነው። ስሙን አይቶ የሚወስን ሰው፣ ያንን የጋዜጣ አዘጋጅ ይመስላል። ገልጦ የሚቈጥር፣ የሚደምርና የሚያመዛዝን ሰው ግን ቤረሚዝን ይመስላል። ልጆቻችን በተረት መልክ የቀረበ ሒሳብ ቢያነቡ የሚያገኙት ትርፍ ማርክ ብቻ አይደለም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ነገርን ሳይመረምሩ ያለ መቀበል ልማድ ነው።

ለማሳረፊያ ያህል ከዚያው መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ለአንባቢ እንተው። ሦስት ባልንጀሮች 21 በርሜል አላቸው፤ 7ቱ በወይን ጠጅ የተሞሉ፣ 7ቱ እስከ እኩሌታ የተሞሉ፣ 7ቱም ባዶ ናቸው። አንዱንም በርሜል ሳይከፍቱና ሳይገለብጡ፣ ለእያንዳንዱ እኩል በርሜልና እኩል ወይን ጠጅ እንዲደርስ እንዴት ይካፈሉ? መልሱን እዚህ አንጽፍም፤ በሚቀጥለው እሑድም አናወጣም። ያገኘው ሰው ልክ መሆኑን ለማወቅ የማንንም ምስክርነት አይሻም፤ ለእያንዳንዱ 7 በርሜልና ሦስት በርሜል ተኩል ወይን ጠጅ መድረሱን ራሱ ቈጥሮ ይመልከት። ማልባ ታሃን ዕድሜ ልኩን ያስተማረውም ይህንኑ ነው።